ለርዳታ የሚወጣ ልጅ ከቤቱ ምን ይዞ ይወጣል?

ከአዲስ አበባ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው፥ ቃሊቲን ሲያልፍ በስተ ምሥራቅ በኩል ቂሊንጦ የሚባለውን ሜዳ ያገኛል። አፈሩ መረሬ ስለ ሆነ በክረምት የመንገደኛውን እግር ይይዛል፤ በበጋም ተሰነጣጥቆ ይታያል። ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት በነበረው በዚህ ሜዳ ላይ፥ ዛሬ በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቆሞበታል፤ መድኃኒት ለሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች የሚሆን የኢንዱስትሪ መንደር ተከልሎበታል፤ የጋራ መኖሪያ ፎቆች ተደርድረውበታል፤ ማረሚያ ቤትም አለበት። ስለዚህ ተማሪው፥ የፋብሪካው ሠራተኛ፥ ከእርሻው የተነሣው ገበሬ፥ አዲስ ቤት የገባው ባለ ብዙ ልጅ፥ የታሰረ ዘመዱን ለመጠየቅ ስንቅ አንጠልጥሎ የሚመጣውም ሰው በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።

በእንዲህ ያለ ስፍራ የተቸገረ ሰው ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ረዳቱም ቢሆን አይታጣም፤ በክረምት ወራት ወጣቶች በቡድን ሆነው የአረጋውያንን ቤት ሲጠግኑ ይታያሉ፤ ከባሕር ማዶም ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብቻ የሚመጡ የርዳታ ቡድኖች ወደ አገራችን ይመላለሳሉ። እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ከቤታችሁ ልጆች አንዱ ከዕለታት አንድ ቀን ተነሥቶ፥ «አባባ፥ እኔም ከማኅበሩ ጋራ ሄጄ ያለ ደመወዝ ላገልግል» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? አንዳንዱ አባት፥ «የእኔ ልጅ የሰው ቤት ጭቃ ሊያቦካ ነውን?» ብሎ ይቈጣል። አንዳንዷ እናት በሽታውን፥ መንገዱንና አብሮት የሚሄደውን ባልንጀራ ፈርታ ትከለክላለች። ሌሎች ወላጆች ደግሞ፥ ልጃቸው መልካም ስም ያገኝበታል ብለው፥ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ሳይጠይቁ መርቀው ይሰዱታል። እኛ ከሦስቱ የመጨረሻውን አብልጠን እንፈራለን። ቁጣና ፍርሃት በምክር ሊመለሱ ይችላሉ፤ ሳይጠይቁ የሰደዱት ልጅ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የሚታየው በገዛ ቤት ሳይሆን ርዳታውን በሚቀበለው በድኻው ቤት ነው።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ እንመልከተው። ለቂሊንጦ ነዋሪ ቅርብ ከሆኑት ሐኪም ቤቶች አንዱ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። ስሙን ያገኘው በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ከተሸለመችው ከጥሩነሽ ዲባባ ሲሆን፥ ያሠራው የቻይና መንግሥት ነው። በዚሁ ሐኪም ቤት የቻይና ሐኪሞች ከአገራችን ሐኪሞች ጋራ ጎን ለጎን ሲሠሩ ቆይተዋል። ቻይና ወደ ኢትዮጵያ የሐኪሞች ቡድን መላክ የጀመረችው በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው፤ ቡድኖቹም ሄናን ከሚባለው ክፍለ ሀገር ይመጣሉ፤ አንደኛው ዘመኑን ሲፈጽም ሌላው ይተካዋል። እነዚህ ሐኪሞች መንግሥታቸው መርጦ የሚልካቸው ስለ ሆኑ፥ ነገሩን አጥብቀን ከተናገርን፥ በጎ ፈቃደኞች አይባሉም። ይሁን እንጂ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ነገር ከእነርሱ ዘንድ እናገኛለን፤ ይኸውም ወንበሩ ባዶ አለመቅረቱ ነው። ሕመምተኛው ዘንድሮ ያየውን ሐኪም በመጪው ዓመት ባያገኘው፥ ሐኪም ቤቱን፥ መዝገቡንና የአገሩን ሐኪም ያገኛል። ለሁለት ሳምንት መጥቶ በድንኳን ውስጥ መድኃኒት አድሎ የሚሄድ ቡድን ግን፥ የደም ግፊት ላለበት ሽማግሌ የአንድ ወር እንክብል ሰጥቶት ቢሄድ፥ ያ ሽማግሌ በሁለተኛው ወር ወደ ማን ይሄዳል? ልጁን የሚሰድ አባት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ጥያቄ ነው።

የውጭ አገር ፈቃደኞች በቡድን ወደ ኢትዮጵያ መምጣታቸው አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ በአቃቂ ሜዳ ላይ በ1928 ዓ.ም. የአይሮፕላን ማረፊያ ነበረና፥ የዚያን ዘመን ታሪክ ያነበበ ሰው ስፍራውን ሲያይ የቀይ መስቀልን ሰዎች ያስታውሳል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣልያን ጦር ወሰን አልፎ የገባው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ማኅበሩ ለመዘጋጀት ያገኘው ጊዜ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ሠራዊቱ እንደሚገባ የተደራጀ የሕክምና ክፍል አልነበረውም። በዚህ ጊዜ ከስዊድን፥ ከኖርዌይ፥ ከእንግሊዝ፥ ከሆላንድ፥ ከፊንላንድና ከግብፅ ሐኪሞችና አስታማሚዎች ድንኳንና መድኃኒት ይዘው መጡ።

የስዊድኑ ቡድን በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር መሪነት ወደ ደቡብ ወርዶ፥ የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በተሰለፈበት በኩል በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ በሚባል ስፍራ ሰፍሮ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አይሮፕላኖች መጥተው፥ የቀይ መስቀሉ ምልክት በድንኳኑ ላይ እየታየ፥ ቦምብ ጣሉበት። ብዙዎቹ ቁስለኞች በተኙበት አለቁ፤ መሪው ቈሰለ፤ ከስዊድናውያኑም ጉናር ሉንድስትረም የተባለው ፈቃደኛ ሞተ። በሰሜን በኩል ደግሞ የእንግሊዙ ቡድን በቆረም አካባቢ ሲሠራ በየካቲት ወር በአይሮፕላን ተደበደበ። የዚህ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ከዚያ ተርፎ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ፥ በሚያዝያ ወር መጨረሻ ከተማይቱ በዘረፋ በታወከች ጊዜ በየመንገዱ የወደቁትን ቁስለኞች ሲያነሣ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ለማያውቁት ሕዝብ ሲሉ ነፍሳቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸውና፥ ስማቸው በትምህርት ቤቶቻችን እንደሚገባው ባለመነገሩ እናዝናለን።

ነገር ግን ጦርነቱ ድንኳኖቹንም መድኃኒቱንም ጠርጎ ወሰደ። የሐኪሞቹ ድካም ፍሬ ምን ላይ ተረፈ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ አንዱ መልስ በአዲስ አበባ ከተማ በወይዛዝርቱ መካከል ይገኛል። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት በተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ወይዛዝርቱ ተሰብስበው ፋሻ ይጠቀልሉ፥ ልብስ ይሰፉ፥ ከመርዝ ጢስ የሚከላከል ጭንብል ያዘጋጁ ነበር። ከእነርሱም ጋራ ልዕልት ፀሐይ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት ነበር። ፋሻ መጠቅለል በጎ ሥራ ነው፤ ሆኖም ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊማረው ይችላል። ልዕልቲቱ በዚህ አልረኩም። በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የአስታማሚነትን ሙያ ተማሩና በ1931 ዓ.ም. የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። የአስታማሚ ተማሪ ሥራ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አልጋ ማንጠፍ፥ ቁስል ማጠብ፥ ሌሊት ተራ ገብቶ ማደር ነው። «የእኔ ልጅ ጭቃ ሊያቦካ ነውን?» ለሚል አባት ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም።

ልዕልት ፀሐይ ከድሉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሠሩ። በ1934 ዓ.ም. ካገቡ በኋላ ወደ ለቀምት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በወሊድ ምክንያት በ22 ዓመታቸው ሞቱ። ሌላውን ለማስታመም የተማረችው እጅ፥ ለራስዋ በደረሰባት ጊዜ የሚያድናት እጅ አላገኘችም። በዚያን ዘመን በወሊድ አልጋ ላይ በሞት ፊት የንጉሥ ልጅና የገበሬ ልጅ እምብዛም አይለያዩም ነበር።

ለመታሰቢያቸው በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ተሠራ። በዚህ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም እንደሚፈለግ በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ወጣ፤ ማስታወቂያውንም አይተው በ1951 ዓ.ም. ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት ሐኪሞች መጡ። ባልዮው ሬጂናልድ ሃምሊን የኒው ዚላንድ፥ ሚስትዮዋ ካትሪን ሃምሊን የአውስትራልያ ተወላጆች ነበሩ። ውላቸው ለሦስት ዓመት ነበር። ነገር ግን በሆስፒታሉ ያዩት ሕመም ያሰቡትን አስለወጣቸው። ምጥ ለብዙ ቀን ሲጠናና የሚያዋልድ ባለሙያ ሲታጣ፥ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ ለረዥም ጊዜ ስለሚጫን፥ በፊኛና በመውለጃው መንገድ መካከል ያለው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሽንትዋን መቈጣጠር አትችልም፤ ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። ፌስቱላ የሚባለው ይህ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ባል ፈቷቸው፥ ዘመድ ሸሽቷቸው፥ ከቤት ጓሮ ለብቻቸው የሚኖሩ ነበሩ። ሃምሊኖች ሴቶቹን በቀዶ ሕክምና ማዳን ጀመሩ፤ በ1960ዎቹም መጨረሻ ለዚህ ሕመም ብቻ የሚሆን ሆስፒታል በአዲስ አበባ አቋቋሙ። የሦስት ዓመቱ ውል የዕድሜ ልክ ሆነ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ሞቱ፤ ዶክተር ካትሪን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ በቤታቸው አረፉ።

ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያመሰግኑት የሁለቱን ሐኪሞች ትዕግሥት ነው፤ ተገቢም ነው። በእኛ አሳብ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራቸው የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ከገጠር በዚሁ ሕመም ተይዘው የመጡ፥ ማንበብና መጻፍም የማያውቁ ወጣት ነበሩ። በሆስፒታሉ ሲቈዩ የሕመምተኞችን አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ቀጥሎም በቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብተው መሣሪያ ያቀብሉ ነበር። ዶክተር ሬጂናልድ የእጃቸውን ብልኅነት ተመልክተው ቀስ በቀስ ሥራውን አስተማሯቸው። በመጨረሻም ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ፥ ከውጭ አገር ለሚመጡ ሐኪሞችም የሚያስተምሩ ሆኑ። በ1981 ዓ.ም. የለንደን የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋራ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ርዳታ ልትቀበል የመጣችው ሴት ርዳታ ሰጪ ሆና ተገኘች። በኋላም ሆስፒታሉ በባሕር ዳር፥ በመቀሌ፥ በይርጋ ዓለም፥ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች ከፈተ፤ በ2000 ዓ.ም. ግድም የተከፈተውም የአዋላጆች ኮሌጅ ልጃገረዶችን ከገጠር ተቀብሎ፥ ካስተማረ በኋላ ሴቶች በሚወልዱበት በገጠሩ እንዲያገለግሉ ይመልሳቸዋል። ሃምሊኖች ሲመጡ ሊያቋቁሙት ያሰቡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት፥ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቈይቶ በዚህ መልክ ተፈጸመ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጃችሁ ከርዳታ ቡድን ጋራ ሊሄድ በጠየቃችሁ ጊዜ፥ «እጅህ ምን ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሒሳብ የሚያውቅ እንደ ሆነ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን ያስተምር፤ ምሕንድስና የሚማር እንደ ሆነ የሚፈርሰውን ግድግዳ ይመልከት፤ ምንም ሙያ ከሌለው ግን ባለ ሙያ ከሆነ ግንበኛ ሥር ሆኖ ድንጋይ ያቀብል፤ ይህም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የማያውቁትን ሥራ በድኻ ቤት ላይ መሞከር ነው። በገዛ ቤታችሁ ጣራ ላይ አናጢ ያልሆነ ሰው እንዲወጣ የማትፈቅዱ ሆናችሁ ሳለ፥ በአንዲት መበለት ጣራ ላይ ልጃችሁ ሚስማር እንዲማርበት ለምን ትፈቅዳላችሁ?

ሁለተኛም ቤቱ የማን እንደ ሆነ እንዲያስብ ንገሩት። ከባለቤቲቱ ፈቃድ ሳይቀበል አይግባ፤ «እማማ፥ አስቀድሞ የሚያስቸግርዎ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ማኅበሩ ግድግዳ ቀለም ሊቀባ አስቦ ሲመጣ እማማ የሚፈልጉት የውኃ መውረጃ ቦይ ሊሆን ይችላል። ድኻውን ከነጕስቍልናው ፎቶግራፍ አንሥቶ ለባልንጀሮቹ ማሳየት ደግሞ በማናቸውም ምክንያት የተገባ አይደለም። መኳንንት እንግዳ በቤታቸው ተቀብለው ሳለ ጓዳቸው ፎቶግራፍ ቢነሣ ምን ይሰማቸዋል?

ስለ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤቶች ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ለጥቂት ቀን መጥቶ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት አቅፎ ማጫወት ለጎብኚው ደስ ያሰኘዋል። ሕፃኑ ግን በየሳምንቱ አዲስ ፊት እየለመደ፥ የለመደውንም እያጣ ያድጋል፤ ይህም በልቡ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዳለ የሕፃናትን አስተዳደግ የሚያጠኑ ሊቃውንት ይናገራሉ። በአገራችንም ሕፃናት ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ በብዛት ይሄዱ በነበረበት ጊዜ፥ እናት ወይም አባት በሕይወት እያላቸው እንደ ሌላቸው ተቈጥረው የሄዱ መኖራቸው ታውቋል። በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ሰዎች ጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከለከለ። ስለዚህ ልጃችሁ ሕፃናትን መርዳት የሚወድ እንደ ሆነ፥ በአንድ ማሳደጊያ ቤት ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት የሚመጣ አስጠኚ ይሁን፤ ይህን ያህል መጽናት የማይችል ከሆነ ሌላ ሥራ ይፈልግ።

የመጽናት ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደንብ ወጣ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ተመደቡ። በግዴታ የሆነ አገልግሎት ስለ ነበረ ፈቃደኝነት ልንለው አንችልም። ሆኖም አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ይዞ ያስተማረ ተማሪ፥ ለሁለት ሳምንት ከጎበኘ ሰው ይልቅ አገሩን ዐውቆ እንደሚመለስ ግልጥ ነው። ለክረምቱ አገልግሎት የሚወጡ ወጣቶች ጊዜያቸው አጭር ቢሆንም፥ የሰፈር ልጆች ስለ ሆኑ የጠገኑትን ቤት በመስከረምም በጥርም እየጠየቁ ሊያዩት ይችላሉ። ይህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቡድን የማያገኘው ዕድል ነው።

በመካከል አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ልጁ የሰው ቤት ሊጠግን ሲሄድ ቁርሱን ያቀረበችለት፥ ልብሱን ያጠበችለት የቤት ሠራተኛ ማታ ትምህርት ቤት ትገባለችን? ታማ እንደ ሆነስ ማን ሐኪም ቤት ወሰዳት? እርስዋም የአንዲት እናት ልጅ ናት፤ ምናልባትም ከገጠር የመጣችው ትምህርትዋን ከስድስተኛ ክፍል ትታ ነው። ሒሳብ ለማስጠናት ቂሊንጦ ድረስ የሚሄድ ልጅ፥ ከራት በኋላ በማድ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ቢያስጠናት የመጓጓዣ ገንዘብ እንኳ አያስፈልገውም።

ሙያም ጊዜም የሌለው ሰው ደግሞ አለ፤ በተለይ በሥራ የተያዙ ሹማምንት እንዲህ ይላሉ። ለእነርሱ የሚሆን ሥራ የደም ልገሳ ነው። የደም ባንኩን ሥራ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያካሄደው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲሆን፥ በ2004 ዓ.ም. ግድም ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተላልፏል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፥ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስና ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል፤ የሚወስደውም ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አያልፍም። የተለገሰው ደም ተጠብቆ የሚቈየው ከአንድ ወር ጥቂት አለፍ ለሚል ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፥ በበዓል ቀን ብቻ ብዙ ሰው ቢለግስና ከዚያ በኋላ ቢተው ማከማቻው ይጐድላል። ደሙን አብዝተው ከሚፈልጉት መካከል በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈስሳቸው እናቶች ይገኛሉ።

አባት ከልጁ ጋራ አብሮ ሄዶ ቢለግስ መልካም ነው፤ ከሥራ የሚያስቀር ነገር የለበትም። ልጁ በክረምቱ ቡድን ውስጥ ተመዝግቦ ወደ ቂሊንጦ የሚሄድ እንደ ሆነ ግን፥ ስሙን፥ የቡድኑን ኃላፊ ስምና የሚመለስበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ በቤት ይተው፤ የሚጠጣውን ውኃና ምሳውን ከቤቱ ይያዝ፤ ችግረኛው ቤት ድግስ እንዲያሰናዳለት አይጠብቅ። ነጭ ጫማውንም አስቀምጦ ቦቲ ይጫማ፤ በሐምሌ የዚያ አገር መረሬ ለማንም ጫማ አይራራም።